አፍ፥ ልሳንና እንግድነት፤ የወለጋ ተወላጅ በፖላንድ አገር ቋንቋ ሲማር

በአማርኛ ሕፃን መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይባላል፤ ሰው በመጀመሪያ የተናገረበትም ቋንቋ «አፍ መፍቻ» ተብሎ ይጠራል። በኦሮምኛ «አፋን» ማለት አፍም ቋንቋም ስለ ሆነ «አፋን ኦሮሞ» የሚለው ስያሜ ቃል በቃል ሲፈታ የኦሮሞ አፍ ማለት ነው። በግዕዝ «ልሳን» ምላስንም ቋንቋንም እንደሚያመለክት ሁሉ፥ በፖላንድኛም «ዬንዝክ» የተባለው ቃል ምላስም ቋንቋም ነው። ኦሮምኛ የኩሽ፥ አማርኛና ግዕዝ የሴም፥ ፖላንድኛ ደግሞ የስላቭ ቋንቋዎች ሲሆኑ በአንድ አሳብ ይገናኛሉ፤ ይኸውም ቋንቋን ከሰው አካል ብልቶች እንደ አንዱ መቍጠራቸው ነው።

ከዚህ የተነሣ ቋንቋውን ወደማያውቅበት አገር የገባ ሰው አፉ እንደ ታሰረ ይሰማዋል። ይህ ጽሑፍ ከወለጋ፥ በተለይም ከጊዳ አያና አካባቢ የሚነሣ ተማሪ በፖላንድ አገር በእንግድነት እየኖረ የአገሩን ቋንቋ ሲማር ምን እንደሚያጋጥመው፥ ከቤቱ ይዞት የሄደው ልማድ በምን እንደሚረዳውና በምን እንደሚያሰናክለው ያብራራል። ስለ ድምፅና ስለ ሰዋስው የሚነገረው ብዙ ነው፤ ከሁሉ በላይ ሊመረመር የሚገባው ግን ቋንቋ ማጣትና ማግኘት በእንግዳው ማዕርግ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው።

ሀ. ከቤት ይዞ የሚወጣው

ጊዳ አያና በምሥራቅ ወለጋ፥ ከነቀምቴ በስተ ሰሜን፥ ወደ ዐባይ ሸለቆ በሚያመራው አገር የሚገኝ ወረዳ ነው። የአብዛኛው ነዋሪ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ከዐባይ ማዶ የመጡ፥ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜም ከወሎ ተነሥተው በአንገር ቈላ የሰፈሩ አማርኛ ተናጋሪዎችም በአካባቢው ይገኛሉ፤ በአንገርና በዴዴሳ ሸለቆዎች ደግሞ የጉሙዝ ሕዝብ ይኖራል። በገበያ ቀን በቈሎና ሰሊጥ የሚሸጥ ሰው ለአንዱ ገዢ ዋጋውን በኦሮምኛ ነግሮ ለሁለተኛው በአማርኛ ይመልሳል። የሰፋሪው ልጅ ኦሮምኛን ከብት ሲጠብቅ፥ የኦሮሞው ልጅ አማርኛን ከተማ ሲመላለስ ይለምደዋል። ይህን ሁሉ መምህር ሳይቀጠርለት፥ መጽሐፍ ሳይገለጥለት፥ በጆሮው ብቻ ይማረዋል።

ይሁን እንጂ ይህን አብሮ መኖር ሁልጊዜ ሰላም የነበረበት አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና ከዚያ በኋላ በዚሁ አካባቢ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሰውም ከቀየው ተፈናቅሏል። የጎረቤትን ቋንቋ ማወቅ ብቻውን ከጥፋት እንደማያድን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በትምህርት ቤት በኩል የተደረገውም ለውጥ መታወቅ አለበት። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ኦሮምኛ «ቁቤ» በተባለው የላቲን ፊደል እየተጻፈ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። ስለዚህ በዚህ ዘመን ከጊዳ አያና ለከፍተኛ ትምህርት የሚወጣ ወጣት ብዙውን ጊዜ ኦሮምኛንና አማርኛን ይናገራል፤ በእንግሊዝኛም መጽሐፍ ያነባል። ወደ ፖላንድ የሚሄደው አፉን አንድ ጊዜ ብቻ የፈታ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ፈትቶታል። ይህ ትልቅ ስንቅ ነው፤ ነገር ግን ስንቁ በምን በምን ቦታ እንደሚያገለግል ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ለ. ወደ ፖላንድ የሚወስደው መንገድ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት፥ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፥ ወደ ኩባና ወደ ሌሎቹ የሶሻሊስት አገሮች ሲላኩ፥ ፖላንድም ከተቀባዮቹ አገሮች አንዷ ነበረች። በፖላንድ የውጭ አገር ተማሪ በመጀመሪያ የሚገባባት ከተማ በአገሪቱ መካከል የምትገኘው፥ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ የታወቀችው ከተማ ናት። ስሟ በካርታ ላይ ሲታይ «ሎድዝ» የሚል ይመስላል፤ ሕዝቡ ግን «ውች» ብሎ ይጠራታል፤ ትርጓሜውም ጀልባ ማለት ነው። በዚችው ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለውጭ አገር ሰዎች ፖላንድኛ የሚያስተምር ልዩ ክፍል ቆሟል። ሥርዐቱ ቀላል ነው፤ ተማሪው ለአንድ የትምህርት ዓመት ያህል ቋንቋውን ያጠናል፤ በመጀመሪያ የዕለት ኑሮውን ንግግር፥ ከዚያም የሚማረውን ሙያ ቃላት፥ ማለት ሐኪም ሊሆን ያሰበው የሕክምናን፥ መሐንዲስ ሊሆን ያሰበው የሒሳብንና የፊዚክስን ቃላት ይለማመዳል። ቀጥሎም ወደ ተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ይሄድና ከአገሩ ልጆች ጋራ በአንድ ወንበር ይቀመጣል።

በቅርብ ዓመታትም የፖላንድ መንግሥት በኢግናትስ ውካሼቪች ስም ባቋቋመው የነፃ ትምህርት ዕድል ውስጥ ኢትዮጵያ ተካትታለች። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1853 የጋዝ መብራትን በሥራ ላይ ያዋለ መድኀኒት ቀማሚ ነበር፤ በኩራዝ ብርሃን ያጠና የገጠር ተማሪ በዚህ ሰው ስም መላኩ የሚያስገርም መገናኘት ነው። በዚህም ዕድል የሚሄድ ተማሪ ከዋናው ትምህርት አስቀድሞ የአንድ ዓመት የቋንቋ መሰናዶ ይደረግለታል።

መንገዱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ያደራጀው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልትሲን ነበር። እርሱም የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍትና የባህል መድኀኒት ጽሑፎች በመመርመር ስሙ የተጠራ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1969 ራሱ ከአገሩ ወጥቶ በእንግሊዝ አገር እንግዳ ሆኖ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ሞተ። በእርሱ እጅ የተማሩ ፖላንዳውያን አማርኛን ሲያጠኑ የደከሙት ድካም፥ ኢትዮጵያዊው በውች ከሚደክመው ጋራ አቻ ነው።

ሐ. የድምፁና የሰዋስው ነገር

ፖላንድኛን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የተናባቢ ድምፆች መደራረብ ነው። በአንድ ቃል መጀመሪያ ላይ ሦስትና አራት ድምፆች ያለ አናባቢ ተከታትለው ይመጣሉ። አማርኛ በቃል መጀመሪያ እንዲህ ያለውን መደራረብ አይወድም፤ በመካከሉ የሳድስ ድምፅ ያስገባበታል። ኦሮምኛ ከዚያም አብልጦ ይጠላዋል። ይህንንም ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ከገቡት ቃላት ማየት ይቻላል፤ «ብርጭቆ» የሚለው ቃል ወደ ኦሮምኛ ሲገባ «ቡርጩቆ» ሆኖ ሙሉ አናባቢ ተሰጥቶታል። ስለዚህ የወለጋው ተማሪ የፖላንድኛውን ቃል እየሰነጠቀ፥ በየመካከሉ አናባቢ እየጨመረ ይናገረዋል፤ ሰሚውም ቃሉን ሳያውቀው ይቀራል።

በሌላ በኩል አማርኛ ማወቁ ብዙ ይረዳዋል። ፖላንድኛ ሽ፥ ች፥ ዥ፥ ጅና ኝ የተባሉትን ድምፆች ያዘወትራል፤ ለእንግሊዝ ወይም ለዐረብ ተማሪ ባዕድ የሆነው ኝ ለኢትዮጵያዊው የቤቱ ድምፅ ነው። በኦሮምኛ የሌለው የሳድስ አናባቢም በፖላንድኛ ውስጥ ተቀራራቢ አለው፤ አማርኛ የሚያውቀው ተማሪ ይህን ድምፅ ሳይቸገር ያወጣዋል። አስቸጋሪው ነገር ፖላንድኛ እነሽን፥ እነችንና እነዥን በሁለት ረድፍ መክፈሉ ነው፤ አንደኛው ረድፍ ወፍራም፥ ሁለተኛው ቀጭን ሲሆን፥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቃልን ትርጉም ይለውጣል። የኢትዮጵያዊው ጆሮ ግን ሁለቱንም በአንድ ፊደል ይሰማቸዋል። በአንጻሩ ደግሞ በኦሮምኛ ትርጉም የሚለየው የአናባቢ መርዘምና ማጠር በፖላንድኛ ዋጋ የለውም።

በቁቤ የተማረ ሰው የላቲን ፊደል ስለሚያውቅ የንባቡ ነገር ይቀልለታል ተብሎ ይታሰባል። እውነቱ ግን ከፊል ነው። በቁቤ ጭ ተብሎ የሚነበበው የላቲኑ ሦስተኛ ፊደል በፖላንድኛ ትስ ተብሎ ይነበባል፤ ይኸው ፊደል ከስምንተኛው ፊደል ጋራ ሲጣመር በቁቤ ች፥ በፖላንድኛ ኽ ይሆናል። መልኩ የሚታወቅ፥ ድምፁ ግን የማይታወቅ ፊደል ከፍጹም እንግዳ ፊደል ይልቅ ያሳስታል።

ስለ ሰዋስው የተነገረው ፍርሀት ደግሞ ለወለጋው ተማሪ መጠኑን ያለፈ ነው። የፖላንድኛ ስም በዐረፍተ ነገር ውስጥ እንደ ያዘው ሥራ መጨረሻው በሰባት ዐይነት ይለዋወጣል። ዋርሶ «ቫርሻቫ» ስትሆን፥ «ዋርሶን» ለማለት «ቫርሻቬ»፥ «በዋርሶ» ለማለት ደግሞ መጨረሻው «ቫርሻቭዬ» ይሆናል። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህ ይከብደዋል፤ ምክንያቱም «በነቀምቴ፥ ከነቀምቴ፥ ወደ ነቀምቴ» ሲል ስሙ እንደ ነበረ ይቆያል። ግዕዝ ያጠና ሰው «ንጉሥ» ተሳቢ ሲሆን ወይም ዘርፍ ሲይዝ «ንጉሠ» እንደሚባል ስለሚያውቅ ጥቂት ብርሃን አለው። ኦሮምኛ ተናጋሪው ግን ይህን ሥርዐት ከእናቱ ቤት ይዞት መጥቷል። ሰው ለማለት «ነመ»፥ ባለቤት ሲሆን «ነምኒ»፥ «የሰው» ለማለት «ነማ»፥ «ለሰው» ለማለት «ነማፍ»፥ «በሰው» ለማለት «ነማን»፥ ወደ ሰው ለማለት «ነመቲ»፥ ከሰው ለማለት «ነመራ» ይላልና። መምህሩ ይህን አንድ ጊዜ በሰሌዳ ላይ አስተያይቶ ቢያሳየው፥ በእንግሊዝኛ በተጻፈ የሰዋስው መጽሐፍ ሲደናገር የሚያጠፋው ብዙ ወር ይተርፍለት ነበር።

የጾታ አነጋገር ሌላ መልክ አለው። በአማርኛ «ነበርሁ» የሚለው ወንድም ሴትም ቢሆን አንድ ነው፤ በፖላንድኛ ወንዱ «ብዌም»፥ ሴቲቱ «ብዋም» ማለት አለባቸው። ስለዚህ ከሴት መምህር በጆሮው ብቻ የሚለምድ ወንድ ተማሪ ስለ ራሱ በሴት አነጋገር ሊናገር ይችላል። የቍጥርም ነገር እንዲሁ ነው። በአማርኛ «አምስት ቃል» ብሎ በነጠላ መናገር የተለመደ ሲሆን፥ በፖላንድኛ አንድ ቃል «ስዎቮ»፥ ሁለት ቃል «ስዎቫ»፥ አምስት ቃል ደግሞ «ስዉፍ» በሚል ቅርጽ ይነገራል፤ ከሁለት እስከ አራት አንድ ደንብ፥ ከአምስት ጀምሮ ሌላ ደንብ አለና።

መ. አንቱታና ስም

በሰዋስው የሚሳሳት እንግዳ ይታረማል፤ በአክብሮት የሚሳሳት ግን ይታዘቡታል። በፖላንድኛ የማይተዋወቅ ሰው፥ ታላቅ ሰው ወይም መምህር «አንተ» አይባልም። ወንዱ «ፓን»፥ ሴቲቱ «ፓኒ» ይባላሉ፤ ግሱም እንደ ሦስተኛ ሰው ይነገራል። ጊዜ እንዳለው ሊጠይቁት የፈለጉትን ሰው ፊት ለፊት ቆመው «ጌታው ጊዜ አለው ወይ?» እንደ ማለት ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህ የሚገርም ነው። «እርስዎ ይመጣሉ» ሲል ግሱን በብዙ ቍጥር የሚናገር ኢትዮጵያዊ ግን ምስጢሩን ወዲያው ያገኘዋል፤ በሁለቱም አገር አክብሮት የሚገለጠው ሰውየውን በቀጥታ ባለመንካት፥ ንግግሩን ከ«አንተ» በማራቅ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው ደግሞ «ፓን»ን ከ«ኦቦ»፥ «ፓኒ»ን ከ«ኣዴ» ጋራ ሲያዛምድ ብዙ አይስትም።

ችግሩ የሚመጣው ከስም ነው። በወለጋ ጫልቱ ገመቹ የምትባል ተማሪ ብትኖር ጫልቱ የራሷ፥ ገመቹ የአባቷ ስም ነው፤ ሰውም «ኣዴ ጫልቱ» ብሎ ይጠራታል። በፖላንድ ጽሕፈት ቤት ግን ሁለተኛው ስም የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ስለሚመዘገብ «ፓኒ ገመቹ» ትባላለች፤ ይህም በአባቷ ስም እርሷን መጥራት ይሆናል። ባልና ሚስት ልጅም ቢኖራቸው የሦስቱም ሁለተኛ ስም የተለያየ ስለሚሆን ቤተ ሰብነታቸውን በወረቀት ማስረዳት ይኖርባቸዋል። ከዚህ በላይ በፖላንድ የሴቶች ስም ሁሉ ማለት ይቻላል በ«አ» ድምፅ ያልቃል፤ የወንዶች ስም ብዙውን ጊዜ በተናባቢ ይዘጋል። ስለዚህ ቶላሳ ወይም ገለታ የተባለ የወለጋ ወንድ ፊቱ ሳይታይ በወረቀት ብቻ ሲታወቅ ሴት መስሎ «ፓኒ» ተብሎ ሊጻፍለት ይችላል። ስሙን ማስረዳት የመጀመሪያው የቋንቋ ልምምዱ ይሆናል፤ ያን ጊዜም ስለ ራሱ ብቻ ሳይሆን ስለ አገሩ የዘር ቍጥር ሥርዐት ያስተምራል።

ሠ. ዲዳና እንግዳ

በፖላንድኛ ጀርመናዊ «ኜምዬትስ» ይባላል። ይህ ቃል «ኜሚ» ከሚለው፥ ዲዳ ማለት ከሆነው ቃል ጋራ የተዛመደ ነው፤ የጥንት ስላቮች ንግግሩ የማይሰማቸውን ጎረቤት ዲዳ ብለውት እንደ ነበር ከዚህ ይታወቃል። ብዙ ሊቃውንት ስላቭ የሚለውን የራሳቸውን ስም ደግሞ ቃል ማለት ከሆነው ከ«ስዎቮ» ጋራ ያዛምዱታል። በዚህ አተያይ ዓለም ለሁለት ይከፈላል፤ ቃል ያለው ወገን፥ ቃል የሌለው ባዕድ።

የውጭ አገር ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚደርስበት በትክክል ይኸው ነው። በወለጋ አንደበት የማዕርግ መለኪያ ነው። በሽምግልና፥ በኦሮምኛ «ጃርሱማ» በሚባለው የዕርቅ ሥርዐት፥ ነገር አዋቂ የሚባለው ቃል መርጦ፥ ምሳሌ ጠቅሶ፥ ታላላቆችን በየተራቸው አክብሮ የሚናገር ሰው ነው። እንዲህ ባለ አገር ያደገ፥ ምናልባትም በመንደሩ ደብዳቤ ጸሐፊና አማላጅ የነበረ ወጣት፥ በውች ከተማ ዳቦ ሻጭ ፊት ቆሞ በጣቱ ሲያመለክት ዕድሜው በአንድ ጊዜ ወደ ሦስትና አራት ዓመት ይወርዳል። የሚያስበው የዐዋቂ አሳብ ነው፤ የሚናገረው የሕፃን ቃል ነው። ሰሚው አሳቡን ስለማያይ ቃሉን ይመዝናል፤ ዝምታውንም እንደ ዕውቀት ማነስ ይቈጥርበታል። በቤቱ ቋንቋ ሲለምድ ስሕተቱ የሚሳቅበት የእገሌ ልጅ ነበር፤ እዚህ ግን አባቱን የሚያውቅ የለም።

ሌላው ነገር የጊዜው ነው። በጊዳ አያና ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ይቃረባሉ፤ በውች በታኅሣሥ ወር የቀኑ ብርሃን ከ8 ሰዓት ያነሰ ነው። በኢትዮጵያ ጠዋት ሦስት ሰዓት የሚባለው በፖላንድ ዘጠኝ ይባላል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ኖቬምበር የተባለው ወር በፖላንድኛ «ሊስቶፓት»፥ ማለት ቅጠል መርገፍ ይባላል፤ ተማሪው ይህን ስም ሲሰማ የወሩን ጠባይ ከመስኮቱ ሆኖ ያየዋል። ቃሉን ከሚያይበት ነገር ጋራ አንድ ላይ የተማረ ሰው በቀላሉ አይረሳውም።

ከታሰረበት ዲዳነት የሚያወጣው በር እንግድነት ነው። በኢትዮጵያ የመሸበት መንገደኛ በሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ» ይላል። ፖላንዳውያንም እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ እግዚአብሔር ወደ ቤት ገባ የሚል ምሳሌ አላቸው። በልደት ዋዜማ፥ ሥጋ በሌለበት ማዕድ ዙሪያ ቤተ ሰቡ ሲቀመጥ ላልታሰበ እንግዳ አንድ ባዶ ሳሕን የማስቀመጥ ልማድ አለ። በዚህ ማዕድ የተጋበዘ የውጭ አገር ተማሪ በአንድ ማታ የሚሰማው ንግግር በክፍል ውስጥ በሳምንት ከሚሰማው ይልቅ ሕይወት አለው፤ ምክንያቱም በክፍል ውስጥ ስለ ደንብ ይጠየቃል፥ በማዕድ ግን ስለ እናቱ ይጠየቃል። እንግዳ ሁሉ ግን እንዲህ አይቀናውም፤ በመንገድ ላይ በመልኩ ምክንያት የሚፈጠጥበትና የሚሰደብም አለ። ቋንቋውን ያወቀ ሰው ስድቡንም ይሰማል፤ መልስ መስጠት የሚችለውም እርሱ ነው።

በተማሪዎች መኖሪያ ቤት ደግሞ ሁለት ዐይነት ኑሮ ይታያል። ኢትዮጵያውያን በአንድነት ተሰብስበው ሲኖሩ ናፍቆታቸው ይቀልላል፤ ፖላንድኛቸው ግን ይዘገያል። ከቬትናም፥ ከዐረብ አገር ወይም ከላቲን አሜሪካ ከመጣ ሰው ጋራ በአንድ ክፍል የተመደበ ተማሪ ግን ሌላ የጋራ ቋንቋ ስለሌላቸው ሳይወድ በፖላንድኛ ይናገራል፤ ሁለት ዲዳዎች እርስ በርሳቸው አፋቸውን ይፈታሉ። በዛሬው ዘመን በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት ስለ በዛ ያለ ፖላንድኛ መመረቅ ይቻላል። እንዲህ ያለው ተማሪ ግን በክፍል ሊቅ፥ በሐኪም ቤትና በጽሕፈት ቤት ዲዳ ሆኖ ይኖራል። መንግሥቱም ቋንቋን የአባልነት ምልክት አድርጎታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለውጭ አገር ሰዎች የፖላንድኛ ፈተና ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዜግነት ሕግም በአገሩ የቆየ የውጭ ሰው ዜግነት ሲጠይቅ ቋንቋውን ማወቁን በምስክር ወረቀት እንዲያረጋግጥ ያዛል።

ረ. የሚገኘውና የሚጠፋው

የባዕድ ቋንቋ ሲገኝ የአፍ መፍቻው ቋንቋ እንዳይጠፋ የሚያሠጋ ነገር አለ። ለዚህ ከወለጋ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አይቻልም። ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም «ሂካ» ሲሆን ትርጓሜው ፈቺ፥ አስተርጓሚ ማለት ነው፤ በኦሮምኛም እንደ አማርኛው እስራትን መፍታትና ቃልን መፍታት በአንድ ግስ ይነገራሉ። የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም ምፅዋ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጥቶ በእምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1881 ድረስም በስዊድን አገር፥ በስቶክሆልም አጠገብ ባለው በዮሐነሉንድ ትምህርት ቤት በስዊድንኛ ተማረ።

ከዚያ ተመልሶ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም በተነሣ ጊዜ ግን አንድ ጕድለት ታየው፤ ከሕዝቡ በሕፃንነቱ ስለ ተለየ የአፍ መፍቻው ቋንቋ ለዚህ ሥራ አልበቃውም። ይህን ጕድለት የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። እርሷም ለባርነት ተወስዳ እ.ኤ.አ. በ1886 ነፃ የወጣች ኦሮሞ ስትሆን፥ ተረቱን፥ ምሳሌውን፥ ዘፈኑንና የቃሉን ብዛት በልቧ ይዛ መጥታ ነበር። በሁለቱ ድካም እ.ኤ.አ. በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታትሞ ወጣ። ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ገብቶ በነቀምቴ ሲያስተምር ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ሞተ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ በባዕድ አገር የተማረው ሰው ትምህርቱ ለሕዝቡ የሚጠቅመው ወደ ገዛ ቋንቋው መመለስ ሲችል መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ የአፍ መፍቻ ቋንቋ በአንድ ሰው ትዝታ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ የማይቆይ መሆኑ ነው፤ የሚነጋገሩት ሰው ያስፈልገዋል። ከአገራቸው በወጡ ቤተ ሰቦች የሚወለዱ ልጆች ይህን ያሳያሉ። ልጁ በፖላንድ ትምህርት ቤት ይውላል፤ ወላጆቹ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ሲጠይቁት በፖላንድኛ ይመልሳል። አያቱ ከጊዳ አያና በስልክ ስትጠራው የሚሰማትን ያህል መናገር አይችልም። አባቱ በውች ከተማ የነበረበትን ዲዳነት ልጁ በአያቱ ፊት ይወርሰዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው የወለጋ ተወላጅ ፖላንድኛን ለመማር ባዶ እጁን አይሄድም። ከአማርኛ ድምፁን፥ ከኦሮምኛ የስም እርባታውን፥ ከሁለቱም የአክብሮቱን አነጋገር ይዞ ይሄዳል። የሚጎድለው ይህ ሀብቱ እንዳለው የሚነግረው ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ፖላንድም ሆነ ወደ ሌላ አገር የሚላኩ ተማሪዎች ከመሄዳቸው በፊት የሚሄዱበት አገር ቋንቋ በእንግሊዝኛ በኩል ብቻ ሳይሆን ከገዛ ቋንቋቸው ጋራ እየተነጻጸረ ቢገለጥላቸው፥ ስለ ስም አጻጻፍና ስለ አክብሮት አነጋገር አስቀድሞ ምክር ቢሰጣቸው፥ የቋንቋ መምህራንም ይህን ንጽጽር በጽሑፍ ቢያዘጋጁ የመጀመሪያው የዝምታ ዘመን ያጥራል።

የተረፈው በተማሪው እጅ ነው። ከአገሩ ሰዎች ማዕድ ሳይርቅ፥ ከገዛ ወገኖቹም ጋራ በአፍ መፍቻው መነጋገሩን ሳይተው መኖር አለበት። በተለይም ልጆች ያሉት ሰው አያቶቻቸው በሚሰሙት ቋንቋ በየቀኑ ሊያነጋግራቸው ይገባል፤ ልጁ በቤት ያልሰማውን ቃል በኋላ ከመጽሐፍ ለማግኘት እጅግ ይከብደዋልና።